አሮጌውን ዴስክቶፕ በትንሽ በጀት መተካት፦ ምኑ ይቅር፣ ምኑ ይውጣ?

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ አንድ ዕቃ አይደለም። ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ)፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ ራም (ሥራ ላይ ያለ ዳታ ለጊዜው የሚቀመጥበት ሚሞሪ)፣ ዲስክ፣ ፓወር ሰፕላይ (ኃይል ሰጪው)፣ ኬዝ (ሣጥኑ)፣ አንዳንዴም ግራፊክስ ካርድ (ለስክሪን ምስል የሚሠራው) ተሰባስበው ነው ኮምፒውተር የሚሆኑት። ዕድሜያቸው ደግሞ እኩል አይደለም። ኬዙ ሃያ ዓመት ቢቆይ ምንም አይሆንም። ሃርድ ዲስኩ ግን በአምስት በስድስት ዓመቱ ማቃሰት ሊጀምር ይችላል። "ኮምፒውተሬ አረጀ" ስንል ብዙ ጊዜ ያረጀው አንዱ ወይም ሁለቱ ክፍል ነው። የቀሩት ሥራቸውን በደንብ እየሠሩ ነው።

በትንሽ በጀት መገጣጠም የሚቻለውም ለዚህ ነው። ከአሮጌው ምኑ እንደሚቀርና ምኑ እንደሚወጣ የለየ ሰው ገንዘቡን ለውጥ በሚያመጣው ዕቃ ላይ ያውላል። ሳይለይ በየቦታው ርካሹን የለቀመ ሰው ግን ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነ ኮምፒውተር ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከአሮጌው እንጀምር።

የደከመው የቱ ነው?

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ዊንዶውስ እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን ይከፍትላችኋል። ከዚያ ሁልጊዜ የሚያማርራችሁን ሥራ ሥሩ። ብሮውዘሩን ከነታቦቹ ክፈቱት፤ ያንን ትልቅ የኤክሴል ፋይል አምጡት። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ቁጥሮቹን እዩ።

ዲስኩ 100 በመቶ ደርሶ ፕሮሰሰሩ 10 በመቶ ላይ ካለ፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። ራሙ 90 በመቶ ካለፈ ደግሞ ቦታ ያጣው ዳታ ወደ ዲስክ እየተገፋ ነው። ዲስኩ የደከመ መስሎ የሚታየውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። "ፕሮሰሰር ያስፈልገኛል" ማለት የሚቻለው ፕሮሰሰሩ ራሱ 100 በመቶ ላይ ተሰክቶ ሲቀር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚታየው የመጀመሪያው ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው፤ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይዞራል። አንድ ፋይል ለማንበብ ጭንቅላቱ ወደ ቦታው መሄድ አለበት፤ ሰሌዳውም ዞሮ እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው። ይህ በአንድ ጊዜ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ያንኑ ሥራ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ልዩነቱ መቶ እጥፍ አካባቢ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ አንድ ሁለት ፋይል አይደለም የሚያነበው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ነው። ኮምፒውተሩ ተነስቶ እስኪረጋጋ ድረስ የሚያልፈው ያ ሁሉ ጊዜ በአብዛኛው የዚህ ጥበቃ ድምር ነው።

ስለዚህ አሮጌው ኮምፒውተራችሁ እስካሁን በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሳታ ኤስኤስዲ (እንደ ሃርድ ዲስኩ በሳታ ገመድ የሚሰካ) ግዙለት። ምናልባት አዲስ መገጣጠም ጭራሽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ቢያስፈልጋችሁም ያው ኤስኤስዲ ወደ አዲሱ ይዛወራል እንጂ ገንዘቡ ውኃ አይበላውም።

በዚህ መንገድ የማይፈታ አንድ ጉዳይ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩም ከጥቂቶች በስተቀር ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ራይዘን 2000 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ መሆን አለበት። እነዚህ የወጡት በ2017 መጨረሻና በ2018 ነው። በዚህ የተነሳ ፍጥነታቸው ምንም የማይወጣለት ብዙ ኮምፒውተሮች ከመስመር ወጡ። ከእነሱ አንዱ ካላችሁና ሥራችሁ ብሮውዘር፣ ጽሑፍና ቪዲዮ ማየት ብቻ ከሆነ ዊንዶውስን የሚተካውን ሊነክስ ሚንትን መሞከር ተገቢ ነው። በነጻ ነው፤ ለዊንዶውስ ተጠቃሚም እንግዳ አይሆንም። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የግድ ካላችሁ ግን ልቡ መቀየር አለበት።

ሦስቱ የማይለያዩት

የኮምፒውተር ልብ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም ነው። ሦስቱ የተቆራኙ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ሶኬቱን፣ ማለትም የሚሰካበትን ቦታ፣ ይወስናል፤ ሶኬቱ ማዘርቦርዱን፤ ማዘርቦርዱ ደግሞ የራሙን ዓይነት። አንዱን ወዶ ለብቻው መግዛት የብዙ ሰው ስህተት ነው።

በትንሽ በጀት የሚነሱት ሶኬቶች ብዙ አይደሉም። የኤኤምዲ ኤኤም4 ከ2017 ጀምሮ የራይዘን ቤት ሆኖ የቆየ ነው፤ ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ትውልድ ይወስዳል። በ2022 የመጣው ኤኤም5 ዲዲአር5 ብቻ ይቀበላል። በኢንቴል በኩል ኤልጂኤ 1700 አለ፤ 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድን ይይዛል። እሱ ላይ እንደ ማዘርቦርዱ ዲዲአር4ም ዲዲአር5ም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ግን አንድ ቦታ ላይ አይሰኩም። በ2024 የወጣው ኤልጂኤ 1851 ደግሞ ወደ ዲዲአር5 ብቻ ተሻግሯል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ምክሬ ቀላል ነበር፤ ትንሽ ጨምራችሁ ኤኤም5 ያዙ፣ ከዓመታት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር ትችላላችሁ እል ነበር። አሁን ግን ራም ሒሳቡን አዛብቶታል። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በጣም ተሰቅሏል። የሚሞሪ ቺፕ አምራቾች አቅማቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የዳታ ማዕከሎች ወደሚያስፈልገው ሚሞሪ አዙረዋል። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ማይክሮን "ክሩሻል" በሚባለው ስሙ ለተራ ተጠቃሚ ያቀርብ የነበረውን ንግድ እንደሚያቆም በዲሴምበር 2025 አስታውቋል። ዱሮ ከሒሳቡ ትንሹ የነበረው ራም አሁን ፕሮሰሰሩን የሚያስንቅበት ጊዜ መጥቷል።

ለዚህ ነው አሮጌው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ያለውን ራም ሳታዩ ምንም አትግዙ የምለው። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የኬዙን ጎን ክፈቱና የራሙን ስቲከር አንብቡ። "ፒሲ4" የሚል ካለበት ዲዲአር4 ነው፤ "ፒሲ3" ከሆነ ዲዲአር3 ነው። ዲዲአር3 ለአዲሱ ቤት አይሆንም። ከታች ያለችው የመሰኪያ ክፍተት ቦታዋ ስለሚለይ በግድ ብትገፉት እንኳ አይገባም፤ ስለዚህ አትግፉት። ዲዲአር4 ሆኖ 16 ጊጋባይት ከሞላ ግን ዕድለኞች ናችሁ። ኤኤም4 ወይም የዲዲአር4 ኤልጂኤ 1700 ቦርድ ትገዛላችሁ፤ ራሙ ከአሮጌው ይመጣል፤ በጀታችሁም ይተነፍሳል። ፍጥነቱ 2400 ወይም 2666 ቢሆን ከ3200ው ትንሽ ይዘገያል፤ ለዕለት ሥራ ግን አይታወቃችሁም።

8 ጊጋባይት ካላችሁ ተመሳሳይ አንድ ፍሬ ጨምሩበት። ሁለት ፍሬ ራም ሲሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል፤ ዱዋል ቻናል የሚባለው ይህ ነው። አንድ ባለ 16 ፍሬ ከመሰካት ሁለት ባለ 8 ይሻላል። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ይህ ጉዳይ በጣም ይከብዳል፤ ምክንያቱም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፣ የሚጠቀመው በዚሁ ራም ነው።

ራም ስታፈላልጉ "ኢሲሲ ሬጂስተርድ" የሚል በጣም ርካሽ ነገር ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ከሰርቨር የወጣ ነው። በተራ የዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ አይሠራምና እለፉት።

ስክሪኑን የምትወስን አንዲት ፊደል

የፕሮሰሰር ስም መጨረሻ ላይ ያለች ፊደል ብዙ ሰው ታስቸግራለች። ኢንቴል ላይ "ኤፍ" ካለ ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ የለውም። ኮር አይ5-12400 ከነግራፊክሱ ነው፤ 12400ኤፍ ግን ስክሪን የሚያበራለት ካርድ ለብቻው ይፈልጋል። ኤኤም4 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ግራፊክስ ያለው "ጂ" ያለበት ነው። ራይዘን 5 5600 ግራፊክስ የለውም፤ 5600ጂ ግን አለው። ኤኤም5 ላይ የ7000 ተከታታይ ራይዘኖች "ኤፍ" እስከሌለባቸው ድረስ ሁሉም ትንሽ ግራፊክስ ይዘዋል። "ኬ" የምትለው ደግሞ ፕሮሰሰሩን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ለሚፈልግ ሰው ናት። በጀቱ ለጠበበ ሰው ጥቅሟ ያን ያህል ነው።

ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ ሥራ፣ ለትምህርትና ለቪዲዮ ስብሰባ አራት ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ያለው ኮር አይ3-12100 ከበቂ በላይ ነው። ፎቶ ለሚያቀናብር፣ ቪዲዮ ለሚቆርጥ፣ ፕሮግራም ለሚጽፍ ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት ክር (በአንድ ጊዜ የሚሄድ የሥራ መስመር) ያላቸው 12400 እና 5600 ዓይነቶቹ ዛሬም አያሳፍሩም። ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ካላሰባችሁ 5600ጂ ጥሩ ምርጫ ነው። ካርድ የምትገዙ ከሆነ ግን 5600ን ምረጡ። የኋለኛው ኤል3 ካሽ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ሚሞሪ፣ 32 ሜጋባይት ነው፤ የጂው 16 ነው። ይህ ልዩነት በጌም ላይ በግልጽ ይታያል።

ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኢንቴል የምትገዙ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ። ከእነሱ ውስጥ ኃይል የሚበሉት ትልልቆቹ ከመጠን ያለፈ ቮልት እየጠየቁ ቀስ በቀስ የሚጎዱበት ችግር ነበረባቸው። ኢንቴል በ2024 ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ግን ቀድሞ የተጎዳን ፕሮሰሰር አያድንም። 12ኛው ትውልድ ይህ ጣጣ የለበትም።

ማዘርቦርድ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ። ቢ550 (ለኤኤም4)፣ ቢ660ና ቢ760 (ለኤልጂኤ 1700) የሚባሉት መካከለኛ ቦርዶች ሁሉን ያሟላሉ። ኤ520 (ለኤኤም4) እና ኤች610 (ለኤልጂኤ 1700) ደግሞ ይበልጥ ይረክሳሉ። ብዙዎቹ ኤች610 ቦርዶች የራም ቦታቸው ሁለት ብቻ እንደሆነ ግን ልብ በሉ። ያገለገለ ወይም የቆየ ቦርድ ከሆነ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው፣ ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ያሰባችሁትን ፕሮሰሰር ያውቀው እንደሆነ በአምራቹ ዝርዝር ላይ አረጋግጡ። ለምሳሌ በ2018 የወጣ ቢ450 ቦርድ ራይዘን 5000ን የሚያውቀው ባዮሱ ከታደሰ በኋላ ነው። ሳይታደስ ከተሰካ ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ይቀራል። ሰውም ዕቃው የተበላሸ መስሎት ይደነግጣል።

ፓወር ሰፕላይ፦ እዚህ ላይ አትቆጥቡ

በትንሽ በጀት ሲገጣጠም መጀመሪያ የሚበደለው ፓወር ሰፕላይ ነው። ፍጥነት አይጨምርም፣ አይታይም፣ ማንም አያደንቀውም። ስለዚህ "የአሮጌው ይበቃል" ይባላል፤ ወይም ከኬዝ ጋር የሚመጣው ይወሰዳል። እኔ ግን ከሁሉም ዕቃ ይልቅ አጥብቄ የምለምናችሁ በዚህ ነው። ሌላው ዕቃ ሲበላሽ ራሱ ብቻ ይበላሻል። መጥፎ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ግን ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስቲከሩን ማንበብ ልመዱ። በትልቁ "500 ዋት" ተጽፎ ይሆናል፤ እሱን ለጊዜው ተዉት። ከታች በሠንጠረዥ የተለያዩ ቮልቶችና አምፔሮች ተዘርዝረዋል። የዛሬ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። እዚያ አጠገብ 24 አምፔር ተጽፎ ካገኛችሁ 12 በ24 አባዙ፤ 288 ይመጣል። እንግዲህ "500 ዋት" የተባለው ዕቃ ለሥራ የሚሰጠው ከ300 ያነሰ ነው ማለት ነው። የቀረው ብዙም በማይፈለጉት በ3.3ና በ5 ቮልት መስመሮች ላይ ተደልድሎ ነው ቁጥሩ የተሞላው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ የ12 ቮልቱ ብዜት በትልቁ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ይቀራረባል። በእጅ የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ሒሳብ ነው፤ ብዙ ነገር ያሳያችኋል።

"80 ፕላስ" የሚለው ምልክት ስለ ብክነት ነው የሚናገረው። ከግድግዳ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ይለካል። በ115 ቮልት መለኪያ ግማሽ ጭነት ላይ ብሮንዝ 85 በመቶ፣ ጎልድ 90 በመቶ ማድረስ አለበት። ስለ ዕቃው ጥንካሬ በቀጥታ ባይናገርም፣ ምልክቱ በእውነት ያለው ዕቃ ከሌለው ይልቅ እምነት ይጣልበታል። አንዳንድ ሻጭ ግን ምልክቱን አስመስሎ ስለሚለጥፍ ሞዴሉን በ80 ፕላስ ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል።

ምን ያህል ዋት ያስፈልጋል? ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። ግራፊክስ ካርድ ለሌለውና 65 ዋት ፕሮሰሰር ላለው ኮምፒውተር የታወቀ አምራች የሠራው 400 ወይም 450 ዋት ተርፎት ያድራል። እንደ አርኤክስ 6600 ያለ 132 ዋት የሚበላ ካርድ ቢጨመርም 450 ይበቃል። ስሙ ካልታወቀ 750 ዋት ይልቅ ሁነኛው 450 ይሻላል።

አሮጌውስ? በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃሉ፤ ስምንት አሥር ዓመት የሠራ ፓወር ሰፕላይ አዲስ ልብ ሊታመንበት አይገባም። ልትጥሉት ስትነሱ ግን አንድ አደጋ አለ። ገመዶቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆኑ ሁሉንም አብራችሁ አስወግዱ። በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያል። የአሮጌውን ገመድ በአዲሱ ላይ ስትሰኩት ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል። 5 ቮልት መሄድ በነበረበት ቦታ 12 ቮልት ይሄድና ዲስኩ ከነዶክመንቱ ያልቃል። እና ፓወር ሰፕላዩን በጭራሽ አትፍቱት፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ቮልት ይዞ ይቆያል።

ኬዝ፣ ዲስክ፣ ካርድ

ኬዙ ደረጃውን የጠበቀ ከሆነ ያዙት። ኤቲኤክስ ቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244። አሮጌው ማዘርቦርድ ከእነዚህ አንዱን የሚያክል ከሆነና ባለ 24 ፒን የኃይል ገመድ ከተሰካበት፣ ኬዙ አብዛኛውን ጊዜ ለአዲሱም ይሆናል። የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን ብዙ ጊዜ የራሳቸው ቅርጽ፣ የራሳቸው የኃይል መሰኪያና የራሳቸው የመነሻ ቁልፍ ገመድ አላቸው። ከእነሱ ኬዝ ለማትረፍ ጊዜ አታባክኑ።

እነዚሁ የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን በሌላ በኩል ይጠቅማሉ። ፍላጎታችሁ የጽሑፍና የኢንተርኔት ሥራ ብቻ ከሆነ፣ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ዕቃ በዕቃ ከመገጣጠም ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ዊንዶውስ 11ም ይጭናል። መገጣጠም እወዳለሁ፤ ግን ይህን ሳልናገር ባልፍ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። ድክመቱ ማደግ አለመቻሉ ነው። ትንንሾቹ ቁመቱ ያጠረና ከስሎቱ ከሚገኘው 75 ዋት በላይ የማይጠይቅ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት።

ዲስክ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ነው ጣሪያው። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት ደግሞ እንደ ትውልዱ 3500፣ 7000 ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ የሚደረገው ሽግግር ሰማይና ምድር ነው፤ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ያለው ግን ትልልቅ ፋይል ካላመላለሳችሁ በዕለት ሥራ እምብዛም አይታይም። የፍጥነት ውድድሩን ትታችሁ መጠኑን ጨምሩ። ኤም2 ቅርጽ ያለው፣ ማለትም ያለ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ቀጭን ኤስኤስዲ ሁሉ ኤንቪኤምኢ እንዳልሆነም እወቁ፤ በዚያ ቅርጽ የሚመጣ ሳታም አለ፤ ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል መመሪያው ላይ ይገኛል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤናማ ከሆነ ለባክአፕ ይቀመጥ፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጤናውን ይነግራችኋል።

ግራፊክስ ካርድ ጌም ለማይጫወትና ከባድ የቪዲዮ ወይም የ3ዲ ሥራ ለሌለው ሰው አያስፈልግም። "ቢኖር አይከፋም" ተብሎ የሚገዛው ጂቲ 710 በ2014 የወጣ ነው፤ 5600ጂ ውስጥ ያለው ግራፊክስ በእጅጉ ይበልጠዋል። ገንዘብ ከፍሎ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ያገለገለ ካርድ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ፎርጅድ አለ። የድሮ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ የአዲስ ስም እንዲያሳይ ይደረጋል። ጂፒዩ-ዜድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ብዙዎቹን አውቆ "ፎርጅድ ነው" ብሎ ያሳያል፤ ሻጩ ፊት ክፈቱት። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ዋጋው ቢማርካችሁም በአራት የፒሲአይ መስመር (ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ዳታ በሚለዋወጥበት) ብቻ እንደሚሠራ አትርሱ። እንደ 5600ጂ ያለ የፒሲአይ 3.0 ፕሮሰሰር ላይ ስትሰኩት ጉልበቱ ይቀንሳል።

ከመፍታት በፊት

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ። ከዚያ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በርቶ እንደሆነ እዩ። ብዙ ሰው ዲስኩ መቆለፉን እንኳ አያውቅም፤ ዊንዶውስ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት ራሱ የሚቆልፍበት ጊዜ አለ። የተቆለፈ ዲስክ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ፎቶውም ዶክመንቱም የለም። ቁልፉን ቀድማችሁ ጻፉት፤ ወይም ቢትሎከሩን አጥፉት።

የዊንዶውስ ፈቃድም ይታይ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ፈቃድ ከማዘርቦርዱ ጋር የታሰረ ነው፤ ቦርዱ ሲቀየር አብሮ ይቀራል። ለብቻው የተገዛ ከሆነ ግን ወደ አዲሱ ይዛወራል።

ሲገጠም

ረጋ ብሎ ለሚሠራ ሰው መግጠሙ ቀላል ነው። አንድ ስታር ብሎን መፍቻና ሰፊ ጠረጴዛ ይበቃል። በየመሐሉ የኬዙን ብረት ነካ አድርጉ፤ በሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ቺፕ እንዳያቃጥል ነው።

ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ኤም2 ዲስኩን ማዘርቦርዱ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ ግጠሙ። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ሦስት ማዕዘን ጋር አገጣጥሙና ልቀቁት፤ በራሱ ክብደት ይቀመጣል። መግፋት ከጀመራችሁ አንድ ነገር ተሳስቷል። ኤኤም4 ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ኤኤም5ና ኢንቴል ላይ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው። የታጠፈች አንዲት ፒን ሥራውን በሙሉ ታስቆማለች። ቴርማል ፔስት (ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፍ ቅባት) የአተር ፍሬ የምታህል በመሐል በኩል ይበቃል፤ ማቀዝቀዣው ሲጫን ራሱ ይዘረጋዋል። ማቀዝቀዣው ቀድሞ የተቀባ ከሆነ ሌላ አትጨምሩ። ሁለት ራም በአራት ቦታ ላይ ስትሰኩ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውንና አራተኛውን ምረጡ።

ቦርዱን ኬዙ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት የነሐስ መቆሚያዎቹን ቁጠሩ። ማዘርቦርዱ ቀዳዳ በሌለው ቦታ መቆሚያ ከቀረ ጀርባውን ነክቶ ሾርት ያደርጋል። አሮጌ ኬዝ ውስጥ አዲስ ቦርድ ሲገባ ይህ በተለይ ያጋጥማል፤ የበፊቱ ቦርድ መጠን ሌላ ነበርና። የኋላውን የመሰኪያዎች ሽፋንም ከቦርዱ በፊት አስገቡ። ከትልቁ ባለ 24 ፒን ሌላ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለ 8 ፒን የኃይል መሰኪያ አለ፤ የሚረሳው እሱ ነው።

መጀመሪያ ሲበራ ዲዲአር5 ያለው ኮምፒውተር ራሙን እስኪለማመድ ብዙ ደቂቃ ስክሪኑ ጨለማ ሊሆን ይችላል። አታጥፉት። ካርድ ካላችሁ የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አለመሰካቱን እዩ። ከዚያም ዝም ካለ ብዙ ቦርዶች ላይ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ግራፊክስና ዲስክ የሚሉ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ በርቶ የቀረው ችግሩ ያለበትን ያሳያል። ራም ላይ ከቆመ ነቅላችሁ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ሰኩት። ከችግሮቹ ብዙዎቹ እዚያው ያልቃሉ።

ከተነሳ በኋላ ባዮስ ውስጥ ግቡና ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን አብሩት። ያለዚያ የፈጠነ ራም ገዝታችሁ በዝቅተኛው ፍጥነት ትጠቀማላችሁ። የዚያኑ ቀን ማታ ሜምቴስት86ን በፍላሽ ጭናችሁ ሌሊቱን ራሙን ይፈትን፤ በተለይ ከአሮጌው የመጣና ከአዲስ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ። አንድም ስህተት መታየት የለበትም። ስህተት ካለ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለይታችሁ ፈትኑ፤ ጥፋተኛው አዲሱ ከሆነ ሻጩ በሰጣችሁ የመመለሻ ጊዜ ውስጥ መልሱት።